በዱዓ መሐል የተዘጋው ቁልፍ

መኪናዬ ከውጭ ለሚያያት አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ ኮፈኗ ሲከፈት ግን ሌላ ናት። ለሞተሯ አየር የሚያጎርስ ቱርቦ ገጥሜላታለሁ፣ ጭስ ማውጫዋንም አስፍቻለሁ። የከሚሴ ባጃጅ ነጂዎች ድምጿን ሲሰሙ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ችግሯ ዳገት ነበር። ኮምፒውተሯ ቱርቦ እንደተገጠመላት ስለማያውቅ ነዳጁን በድሮው ልክ ይሰጣታል፤ እሷም ልትፈጥን ስትል ትንፋሽ ያጥራታል።

መድኃኒቱን ያመጣችልኝ ከዓረብ አገር ለዕረፍት የመጣችው ታላቅ እህቴ ናት፤ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ከመሪው ሥር በገመድ የምትሰካ ማስተካከያ። ለኮምፒውተሩ አዲስ የነዳጅ ልክ ትጽፍለታለች፣ የቀድሞውንም ይዛ ታስቀምጣለች። ሕጓ አንድ ነው፤ እየጻፈች ሳለ የመኪናው ቁልፍ አይነካም። ከተነካ ጽሑፉ መሐል ላይ ይቆረጥና መኪናዋ አትነሳም።

እህቴ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። በረራዋ ማታ ከአዲስ አበባ ነው። "በሚኒባስ አልሄድም፤ እኔው ባመጣሁት መሣሪያ የተስተካከለችውን መኪና ሳልጠግባት አልመለስም" ብላኛለች። ቀደም ሲል የጻፍኩት ልክ ጥቁር ጭስ አብዝቶ ስለነበር፣ ያን ጠዋት ጎረቤቶች ለሽኝት ዱዓ እስኪሰበሰቡ ነዳጁን ልቀንስ ጀመርኩ።

መሣሪያዋ ግማሹን እንኳ ሳትጽፍ ሼሁ መዳፋቸውን ዘረጉ። እኛ ዘንድ ዱዓ ሲደረግ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ስልክ ይዘጋል፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ባጃጅ እንኳ ሞተሩን ያጠፋል። እኔም ሄጄ የምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ግን ቁልፏ እንደበራ በሯ ክፍት ነበርና ጢጥ፣ ጢጥ ትላለች። አባቴ የተቀመጡት አጠገቧ ነው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። እኔ መዳፌን እንደዘረጋሁ ቀረሁ፤ በዱዓ መሐል ማን አፉን ይከፍታል? ቁልፉን ዘግተው ተመለሱና "አሚን" አሉ።

ፊታችንን ጠርገን ስንነሳ መኪናዋ በድን ሆናለች። ደሜ ፈላ። በአባት ላይ የፈላ ደም ግን መሄጃ የለውምና ዋጥ አድርጌ ነገሩን ነገርኳቸው።

"እኔ ለዱዓው ብዬ ነው፣ ኢልማ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

እህቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። "ግዴለም፣ ሚኒባስ አለ" አለች፤ ዓይኗ ግን ከመኪናዋ አልተነሳም። ያን ሳይ ከንዴቴ ይልቅ ኀዘኔ በለጠ።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ መሣሪያዋ የያዘችውን የቀድሞ ልክ መልሶ መጻፍ። ባትሪዋ እንዳይደክም ከጎረቤት ባትሪ ተውሼ አጋዥ አደረግሁላት። አባቴ ማንም ሳይጠይቃቸው የሾፌሩ ወንበር ላይ ገቡና ቁልፉን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፍነው ያዙ። ሼሁ ሊሰናበቷቸው ሲጠጉ እንኳ እጃቸውን አልሰጡም። "ቆዩኝ፣ ይቺ ትጨርስ" አሏቸው። ሼሁም ቆሙ። ሳቄን በግድ ያዝኩት።

ጨረሰች። መኪናዋ ስትነሳ ግቢው ሁሉ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ አዲሱንም ልክ ጻፍኩ፤ እሱ እስኪያልቅ አባቴ ከወንበሩ አልወረዱም። ሲወርዱም የሄዱት ወደ ኋላ መቀመጫ ነው፤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው እሸኛታለሁ ብለው ከእህቴ ጎን ተቀመጡ።

የሰንበቴ ገበያ ቀን ስላልነበር መንገዱ ላይ ከብት አልገጠመንም። የጣርማበርን ዳገት ጀመርን። ነዳጅ ሰጠኋት። ያለ ጭስ፣ ያለ ሳል ሽቅብ ተምዘገዘገች። የጭነት መኪኖቹን አንድ በአንድ ቀደምኳቸው። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"አየሽ?" አልኳት እህቴን።

በመስታወቱ ሳይ አባቴ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞራለች።

"ሱታ፣ ኢልማ ኮ፣ ቀስ በል" አሉኝ አባቴ። ቀጥለውም፣ "ያ መሣሪያህ ማዘግየትስ አይችልም?" አሉ።

እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። የቀደምኳቸው የጭነት መኪኖች እየደረሱ አለፉን።