መስኮት ሥር ያለው አልጋ

በሰፈሩ «መቀስ» ነው የሚሏት። ጨርቅ ስለምትቆርጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ስል ነው። ሱሪ የረዘመበትም ቀሚስ የጠበባትም እሷ ደጅ ነው የሚቆመው፤ መጀመሪያ ሜትሩን፣ ቀጥሎ ነገሩን ቀምሶ ይሄዳል። እንዲህ ያለች ልብስ ሰፊ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ቢኖር የታናሽ ወንድሟን ዕንባ ነበር።

ወንድምየው ባሕር ማዶ ነው የሚኖረው። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ «ልጄ ሥሯን ትወቅ» እያለ ልጁን አስከትሎ ይመጣል። ሚስቱ ሁለት ዓመት አብራ መጣችና በሦስተኛው «ሥራ በዛብኝ» ብላ ቀረች። ብልህ ሴት!

ከሄደ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው፤ እናታቸው ካረፈች ቆይቶ ነበር። ሻንጣውን እንደያዘ ወደ ፊተኛው ክፍል ዘለቀ፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና ተቀምጦ ሲያይ መቃኑን ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«የእማዬ አልጋ የታለ? እዚህ መስኮት ሥር አልነበረም እንዴ? እግሯ ሥር ተኝቼ ያደግሁበት አልጋ!»

መቀስን አንጀቷን በላት። አልጋውን ከዕቃ ቤት ጎትታ አወጣችና ዘረጋችለት፤ መኪናዋን በምትኩ ዕቃ ቤት ከተተችው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። የዚያን ዓመት ውለታ በዓመቱ ሕግ ሆኖ ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ቤቷን አፍርሳ የእናቷን ቤት ትሠራለች። አልጋው ይገባል፣ ያረጀው ባለ አበባ መጋረጃ ይሰቀላል፣ መሥራት ያቆመው የግድግዳ ሰዓት እንኳ ሳይቀር ቦታው ይመለሳል። እሱም ይመጣና «ወይኔ! ምንም አልተለወጠም እኮ!» ብሎ ያለቅሳል። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ አሉ። አልቅሶ ሲወጣለት አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እስከ ረፋድ ያንኮራፋል። «እትዬ፣ እዚህ ስሆን እንቅልፌ ራሱ ሌላ ነው» ይላታል። እንዴት አይሆን! አንሶላውን የምታነጥፍለት፣ ካልሲውን የምታነሣለት አለችለት።

እሷስ? ዕቃ ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለበት፣ በአንዲት ደካማ አምፖል ዓይኗን እያጨናበሰች ትሰፋለች። ያውም በየትኛው ወር? የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት! ልብስ ሰፊ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እኮ እነዚህን ሁለት ወራት ነው። ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ሸሚዝ ሰፍታ በሳምንት አዘገየችው፤ እሱም የአንዱ እጅጌ ከሌላው ረዝሞ። ዘንድሮ ርዕሰ መምህርቷ አርባ ሸሚዝ አዘዘቻትና ቁርጡን ነገረቻት።

«እትዬ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ካላስረከብሽኝ ከእንግዲህ ለፋብሪካ ነው የምሰጠው።»

ያ ሥራ ከሄደ ለመቀስ የሚቀራት የጠበበ ቀሚስ ማስፋት ብቻ ነው፤ በሱ ደግሞ ዓመት አይገፋም። ስለዚህ ዘንድሮ አልጋውን አላወጣችውም።

ወንድምየው ገባ፤ አየ፤ መቃኑን ተደገፈ። «ምነው እትዬ? ቤቱን ምን አደረግሽው?» ዕንባው ደርሷል።

«ሸሚዝ እየሰፋሁ ነው። ለእናንተ ጓዳ ፍራሽ አንጥፌላችኋለሁ።»

«የእማዬን ትዝታ በሸሚዝ ለወጥሽው?»

በዚህ ጊዜ የሰባት ዓመቱ ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ስማኝ አንተ! ያደግኸው እዚሁ መኪና ሥር ነው። መኪናው የእማዬ ነበር፤ እሷ ስትሰፋ አንተ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ትተኛ ነበር። አልጋው እዚህ የገባው በመጨረሻው ዓመቷ፣ ታማ፣ ‹ብርሃን ላይ አስተኙኝ› ስላለች ነው። ያኔ አንተ ከሄድክ አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር! እኔ እስካወጣልህ ድረስ አልጋውን እዚህ ቦታ በዓይንህ አይተኸው አታውቅም።»

«እንዴት አላውቅም? የመጋረጃውን አበባ ሳይቀር አስታውሳለሁ እኮ!»

ከኋላው የቆመችው ልጁ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ጆሮዋ ውስጥ የሰካችውን የስልክ ማዳመጫ አወለቀች። «አባዬ፣ እሱ እኮ እኛ ቤት ሳሎን የተሰቀለው የአያቴ ፎቶ ላይ ያለው ነው።»

 ፎቶውን የላከችለት ራሷ መቀስ ነበረች፤ እናትየው ታማ ሳለች «ልጄ ይየኝ» ብላ ስለለመነቻት። እሱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እያየው፣ እያየው፣ ልጅነቱ አደረገው። የእናቱን የሕመም አልጋ!

ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። አላለቀሰም፤ ይኼ እንግዲህ አዲስ ነገር ነው።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንጀቴን እየበላኸኝ ነዋ! አሁን ግን አርባ ሸሚዝ አለብኝ። እንካ መርፌ፣ ቁልፍ ትከል።»

በአንድ ሸሚዝ ስድስት ቁልፍ። ልጅቷ በሁለት ቀን ለመደችው፤ ስልኳንም ረሳችው። አባትየው፣ ባሕር ማዶ ስንት ሰው እንደሚያዝ አፉን ሞልቶ የሚያወራው ሰውዬ፣ አንዲት ቁልፍ አልታዘዝ አለችው። ጣቱን ይወጋል፣ «ኡፍ!» ይላል፣ ክሩ ይቋጠርበታል። «በርታ፣ ሥርህን እያወቅህ ነው» ትለዋለች መቀስ፣ ቀና ሳትል።

አርባው ሸሚዝ ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ገባ። ርዕሰ መምህርቷ ኮሌታውን ገልበጥ፣ እጅጌውን ለካ ለካ አደረገችና «ለከርሞም ያንቺ ነው» አለቻት። መቀስ እየተመለሰች መንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት እንግዶቹ ታክሲ እየጠበቁ ሳለ ተማሪዎቹ በመስኮቱ ሥር አለፉ። የአንዱ ሸሚዝ ቁልፍ በክር ተንጠልጥሏል።

«ያውልህ፣ ያንተ ነው» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

«ልጅህማ እንዲህ አትተክልም።»

ሳቀና ስልኩን አወጣ። «እትዬ፣ እስቲ መኪናው ጋ ተቀመጪ፤ አንድ ፎቶ ላንሳሽ።»

ተቀመጠች። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባች፤ ፊቷን ግን ወደሱ አላዞረችም።

«አንሳ፤ ግን ቀኑን ጻፍበት። ኋላ ‹እህቴ ሁልጊዜ ብርሃን ላይ ተቀምጣ ነበር የምትሰፋው› ብለህ እንዳታለቅስብኝ። ዕቃ ቤት የሰፋሁበት ፎቶ የለህም።»