የጋቢናው ሴራ

የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ከጎጃም ነቀምቴ የተመደብኩ ጊዜ፣ ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። እኔ «አዴ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ባርሲሳ» ይሉኛል። አዴ እዚህ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ክብር ነው፤ ባርሲሳ ደግሞ አስተማሪ ማለት ነው። የእኔ ኦሮምኛ በነዚህ ሁለት ቃላትና በሰላምታ ያልቅ ነበር። የእሳቸው አማርኛ ግን አያልቅም፣ በተለይ ሲቆጡ።

ያን ሰሞን የማስተምረው ስለ አሜሪካ ሕግ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ «ዛሬ ምን አስተማርክ?» ሳይሉ አያሳልፉኝም፤ እኔም ወሬ ስለምወድ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እንዳለ እደግምላቸዋለሁ። ባርነት በጦርነት ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ነጮቹ ሌላ ሕግ አወጡ። ነጭ ለብቻው፣ ጥቁር ለብቻው። ትምህርት ቤቱ ለየብቻ፣ የሚጠጣበት ቧንቧ ሳይቀር ለየብቻ።

«ሁለት ሁለት ቧንቧ?» አሉ አዴ። «በሁለቱም ውሃ ይመጣል?»

«ይመጣል መሰለኝ።»

«ኧረ ተው! የእኛ አንዱም ደስ ሲለው ነው።»

አውቶቡሱ ላይ ስደርስ ግን ሳቃቸው ቆመ። ነጭ ከፊት ይቀመጣል፣ ጥቁር ከኋላ፤ ፊቱ ከሞላ ጥቁሩ ተነስቶ ይለቃል። አንዲት ሴት አልነሳም ብላ ታሰረች። ያኔ የከተማው ጥቁር ሁሉ አውቶቡሱን ትቶ ዓመት ከምናምን በእግሩ ሄደ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው።

አዴ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ያ ተነሺ ያሏት ነገር ሴራ ነበር?» አሉኝ።

«ምን ጥርጥር አለው! ጥርት ያለ ሴራ ነው እንጂ!»

«የመንግሥት ሴራ?»

«የመንግሥት!»

«በጽሑፍ?»

ሴራ በጽሑፍ መሆኑ ትንሽ ግር ቢለኝም፣ «በጽሑፍ፣ አዴ!» አልኩ።

ወይ ጉድ፣ አልኩ በልቤ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያልደረስኩበትን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት! በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ «አከራዬ እኮ የአሜሪካንን ሕግ ሴራ ነው አሉት» ብዬ በኩራት አወራሁ። የአገሩ ልጆች መምህራን፣ «ታዲያ ምን ሊሉት ኖሯል?» ብለው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

አዴ ቅዳሜ ቅዳሜ ኑኑ ቁምባ ገበያ ሄደው ቅቤ ይገዛሉ። ቅቤ ነጋዴ ሴቶች ደግሞ ባልዲያቸው ይሸታል፣ የሰው ልብስ ያበላሻል እየተባለ ሁልጊዜ የሚኒባሱ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው የሚታጨቁት። ጋቢናው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ማን እንደወሰነው እግዜር ይወቅ። የአዴ ጉልበት አልታጠፍ ካለ ቆይቷል። ኋላ ተጣጥፈው ሲደርሱ ይቆለፍባቸዋል፣ እስኪፈታ ድረስ ጥሩ ጥሩውን ቅቤ ሌላው ነጋዴ ያነሳዋል። «እንዲህ ከሆነስ ንግዱን እተዋለሁ» ይሉ ነበር። ሲሉት አንጀቴን ይበሉታል፤ እሳቸው ያለ ገበያ አንድ ወር የሚከርሙ አይደሉም።

አንድ ቅዳሜ እኔም ኑኑ ቁምባ የሚያስተምር ጓደኛዬን ልጠይቅ መናኸሪያ ሄድኩ። ሰው ሚኒባሷን ከቧታል። ምንድን ነው ብዬ ባይ፣ አዴ ባልዲያቸውን ታቅፈው ጋቢና ተቀምጠዋል! ረዳቱ በሩን ይዞ «ካኢ!» ይላል፣ ተነሺ ማለቱ ነው። እሳቸው ወደፊት ብቻ እያዩ «ሂን ካኡ!» ይላሉ። አልነሳም። ያስተማርኩት ትምህርት እኮ ነው ጋቢና የተቀመጠው!

ረዳቱ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይኸው፣ የቦታው ባለቤት መጣ! ባርሲሳ፣ አንተ ንገራት! ሴራ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ዓይን አውጣ! ሴራውን በገዛ አፉ መሰከረ። ሕዝቡን ገፍቼ ገባሁና እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ፣ «በሕግ አምላክ!» አልኩ። «አዎ፣ ሴራ ነው! ዓለም ሁሉ ይስማ፣ ሴራ ነው!»

ሰዉ በሙሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አዴ ብቻ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

«አንተም?» አሉኝ።

«አዴ፣ እንዳይወርዱ! ሴራ ነው እኮ!»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ» ብለው ወረዱ። እኔ በጮኽኩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል፣ ፊታቸው በጠቆረ ቁጥር እኔ ያልሰሙኝ መስሎኝ ይበልጥ እጮኻለሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው።

ወደ ኋላው በር ሄደው ሊገቡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እንቢ አለ። ባልዲያቸውን መሬት ላይ ደፍተው ተቀመጡበትና ኋላ ላሉት ሴቶች በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው። ሴቶቹ ተራ በተራ ባልዲያቸውን እያንጠለጠሉ ወረዱ፤ ሌላውም ተሳፋሪ ተከተላቸው። ረዳቱ እኔን ጎትቶ ጋቢና ከተተኝ፤ ሾፌሩ ሻዩን ጨርሶ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«የገበያ ቀን አንድ አስተማሪ ብቻ ይዤ ልሂድ?» አለ ሾፌሩ። ረዳቱን ሰደበው፣ ቀጥሎ እኔን፣ «ውረድ!» አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ከመኪና ተባርሬ አላውቅም። አዴን ራሱ ደግፎ ጋቢና አስገባቸው፤ የወረደውም ሁሉ ተመልሶ ገባ፤ እኔ ኋላ ሁለት ሴቶች መሀል ተሸጎጥኩ፣ ጉልበቴ ላይ ባልዲ ተጫነ።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ በስተቀኜ ያለችው፣ «ሕግ ነው እያልክ ጮኸህ ጮኸህ ለምን ወረድክ?»

«እኔ? ሕግ ነው ያልኩት መቼ ነው?»

«ሴራ ነው አላልክም? ሴራ ሕግ ነዋ!»

«በእኛ በአማርኛ እኮ ሴራ ማለት ተንኮል ነው፤ ሰዎች ተደብቀው ሌላው ላይ የሚዶልቱት» አልኩ።

ሚኒባሷ በሳቅ ተናጋች። ወሬው ወንበር በወንበር እየተተረጎመ ጋቢና ደረሰ። አዴ ሳይዞሩ፣ «ኋላ ለሚቀመጥ ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉ።

መንገዱ ረጅም ነበር፣ ጉድጓዱም ብዙ፤ በየጉድጓዱ ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ብረት ጋር ይጋጫል።

ኑኑ ቁምባ ስንደርስ አዴ በሩን ከፍተው በገዛ እግራቸው ወረዱ። ማንንም ሳይጠብቁ፣ ማንም ሳይቀድማቸው ቀጥ ብለው ወደ ቅቤ ተራ ሄዱ። እኔን ሴቶቹ በብብቴ ይዘው ጎትተው አወጡኝ፤ እግሬ ደንዝዞ መሬቱ አይታወቀኝም። አዴን ከሩቅ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ሴቶቹ እግሬን ያመመኝ መስሏቸው «አይዞህ፣ ይለመዳል» አሉኝ።