ቤት መርማሪው ባሌና ቤት ያጣሁት እኔ

ባሌን ደላሎች «አፍራሹ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ጡብ አፍርሶ አያውቅም፤ የሚያፈርሰው ግዢ ነው። አሮጌ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ይጠራዋል፤ እሱም ሄዶ ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ይመረምርና «ግዛ» ወይም «ይቅርብህ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ሁለተኛውን ነው። ደላላው ኮሚሽኑን በልቡ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ያቺን ቃል ሲሰማ ባሌን በምን ዓይን እንደሚያየው መገመት አያዳግትም።

እኔ የአፍራሹ ሚስት ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። የሰው ቤት ሲመረምር የኖረ ሰው የራሱ ቤት የለውም ሲባል ሰዉ ይስቃል። እኔን አያስቀኝም። ልጃችን የተወለደችው በሰው ቤት ነው፤ የተዳረችውም ከሰው ቤት ነው። ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት አከራይ ሳስፈቅድ ፀጉሬ ሸበተ።

ዘንድሮ ደግሞ አከራያችን በሩን አንኳኩቶ ገባና እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ፣ «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ብትለቁልኝ» አለን። ጨዋ ሰው ነው፤ ምን ይባላል? «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ሸኘሁትና በሩን ዘግቼ ወደ ባሌ ዞርኩ። ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

«ሰማህ?» አልኩት።

መልስ የለም። ጆሮ ዳባ ልበስ። ይሄ አመሉ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብሶበታል። ከማድ ቤት እጠራዋለሁ፣ ዝም። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ ቀንስ ስለው ዝም። ደግሜ ስጮህበት «ምን ሆንሽ? ለምን ትጮኺያለሽ?» ብሎ እኔኑ ጥፋተኛ ያደርገኛል። ቆሽቴ ያራል።

የምንፈልገው ገጠር ያለ አሮጌ ቤት ነው። ከተማ ውስጥ አቅማችን አይፈቅድም፤ አዲስ ቤት ደግሞ እሱ አይወድም፤ «ገና ጠባዩ አልታወቀም» ይላል። እኔ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። ዕድሜዬን የሰው ምድጃ ፊት ቆሜ ጨርሻለሁ። የራሴን ምድጃ ጓሮ ውስጥ ሠርቼ፣ ለራሴ ደጅ ጋግሬ፣ የመጣ እንግዳ «ቤት ለእንቦሳ» ሲለኝ «እንቦሳ እሰሩ» ብዬ መመለስ ነው ምኞቴ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነና ቀረ እንጂ።

አመራመሩን ማየት ግን ደስ ይላል፤ ይህን አልክደውም። ቤቱ ጋ ሲደርስ አይገባም። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ቆሞ የጣሪያውን አናት ያያል፤ እንደ አሮጌ ፈረስ ጀርባ ከሰረጎደ ከሥር ያለው እንጨት ደክሟል ማለት ነው። ከዚያ ቱምቢውን በክር አንጠልጥሎ ግድግዳው መዝመሙን አለመዝመሙን ይለካል። ገብቶ ልጃችን በልጅነቷ ትጫወትበት የነበረውን ብይ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል። ብዩ ከቆመ ደግ፤ ተንከባሎ ጥግ ከገባ ባሌ ፊቱን ያጠቁራል። ኮርኒስ ላይ ወጥቶ ጣሪያውን የተሸከሙትን ወራጆች በወስፌ ይወጋል፤ ወስፌው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ከገባ ምስጥ ቀድሞናል። በመጨረሻ ትንሿን መዶሻውን አውጥቶ ግድግዳውን ክንድ በክንድ እየመታ ያዳምጣል። ሌላው ሁሉ የዓይን ሥራ ነው፤ የመጨረሻው የጆሮ ነው።

ባትሪ የምይዝለት እኔ ነኝ። የእረፍት ቀኔን በሰው ጣሪያ ሥር ሸረሪት ድር እየጠረግኩ ስንቱን አሳልፌያለሁ! ድምፁንም ያወቅኩት እዚያው ነው፤ ለነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ገልብጠን ታቹን እንመታዋለን፤ የበሰለ ዳቦ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ለዳቦ ባዶ ድምፅ ምሥራች ነው። ለግድግዳ ግን ልስኑ ከድንጋዩ ለቋል፣ ወይም ድንጋዩ ራሱ ከውስጥ ተለያይቷል ማለት ነው።

አከራያችን ከነገረን ቀን ጀምሮ ያላየነው መንደር የለም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ቤት ወራጁን ምስጥ በልቶት ስለነበር «ይቅርብን» ሲል እኔም ተቀበልኩ። ወንዝ ዳር ያለው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ግድግዳው ያልበዋል፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ብዬ ሳይነገረኝ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ግራ ገቡኝ። ጣሪያው ደህና፣ ወለሉ ደህና፣ ብዩም ቀጥ ብሎ ቆመ። ባሌ ግን በመዶሻው ይመታል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይመታል፤ ከዚያ ዕቃውን ይሰበስባል።

«ይቅርብን።»

«ምን አገኘህበት?»

«ግድግዳው አልጣመኝም።»

«ምኑ ነው ያልጣመህ? ወጥ ነው እንዴ?»

አንዱን ቤት «ይቅርብን» ባለ ማግስት አንድ ሌላ ሰው ገዛው። እስካሁን ቤቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ባለፍኩ ቁጥር መጋረጃውን አያለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል ባሌ። የዘገየችውስ? የዘገየችው የምትለቅመውንም አጣች!

ይባስ ብሎ ሥራውም ቀነሰ። ስልኩ ይጮኻል፤ እሱ ደጅ ወጥቶ ያወራና ተመልሶ ይቀመጣል። ማን ነው ስለው «ገበያው ቀዝቅዟል» ይለኛል። የሚደውል ሰው እያለ ገበያ እንዴት ይቀዘቅዛል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻ ማር ምላስ የሚባለው ደላላ ደወለልኝ። ለእኔ ነው የደወለው፤ ባሌን ማን ይደፍራል? «እትዬ፣ ይሄን ቤት ጋሼ ራሱ አያፈርሰውም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ። የድንጋይ ቤት ነው፤ ከመንደሩ ጫፍ፣ ከትልቅ ጓሮ ጋር። ባለቤቷ ባልቴት ናቸው፤ ልጃቸው ጋ ሊጠቃለሉ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ከመኪና ሳንወርድ ቁርጡን ነገርኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ቃል በቃል። «ስማኝ። ይሄንንም ያለ ምክንያት ይቅርብን ካልክ ልብሴን ሸክፌ እህቴ ጋ ነው የምሄደው። አንተ ያልዘመመ ግድግዳ ያገኘህ ቀን ትጠራኛለህ።» ፊቱ ልውጥ ሲል አየሁት።

ቤቱን ስናየው ልቤ ሄደ። መስኮቶቹ ሰፊ ናቸው። ጓሮው ውስጥ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ አለ፤ ምድጃዬን እዚያው በዓይኔ ሠራሁት። ባልቴቷ «ግቢ ልጄ» ብለው እጄን ያዙኝ። ባሌ ጣሪያውን ከሩቅ አየ፤ ቀጥ ያለ ነው። ቱምቢውም ከፊት ለፊት ግድግዳ ጋር ተስማማ። ብዩ ወለሉ ላይ እንደ ተተከለ ቆመ። ወስፌው ወራጁን አልበሳ አለ። እያንዳንዱ ነገር ባለፈ ቁጥር ማር ምላስ «አላልኩም?» ይላል፤ እኔም በውስጤ መጋረጃ እየቆረጥኩ ነው።

የቀረው የኋላው ክፍል ነበር። ግድግዳው አዲስ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ሌላው ክፍል ሁሉ አሮጌ ቀለም ነው። ከውጭ በኩል የማገዶ ክምር እስከ ጣሪያ ክዳኑ ስለተደገፈበት ቱምቢ ማውረጃ ቦታ አልነበረም። ባሌ መዶሻውን አወጣ። መታ። ወደ ጎን ሄደ፤ መታ። እኔ ባትሪውን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። በደንብ የበሰለ ዳቦ! ባዶ፣ ክፍት፣ ከግድግዳው ስፋት ግማሹ። አሁን ይቆማል፣ ደግሞ ይመታል፣ ፊቱን ያጠቁራል ብዬ ጠበቅሁ። በዓይኔ የሠራሁት ምድጃዬ ፈረሰ።

ባሌ ግን እስከ ጥጉ ድረስ እኩል እየመታ ሄደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ጤነኛ ነው» አለኝ። «እንግዛው።»

ስንት ዓመት ስጠብቃት የኖርኳት ቃል ናት! ማር ምላስ አጨበጨበ። ባልቴቷ ግን አላጨበጨቡም፤ መሬት መሬት ያያሉ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ምን እንዳስገደደኝ አላውቅም፤ ከኋላው ቆሜ፣ ሳልጮህ፣ በተለመደው ድምፄ፣

«መኪናችን እየተቃጠለ ነው» አልኩ።

ማር ምላስ በርሮ ወደ ደጅ ሮጠ። ባልቴቷ «ኧረ ጉድ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ባሌ ወስፌውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን አጣጥፎ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

መዶሻውን ከእጁ ነጠቅሁት። መሐሉን ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። አዲሱ ልስን እንደ ብስኩት ተገምሶ እግራችን ሥር ወደቀ። ከኋላው ድንጋዮቹ ተላቀው ሆዳቸውን ነፍተዋል፤ ክፍተቱን የሞላው ጭቃና የተጠቀለለ ማዳበሪያ ከረጢት ነው። ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ።

«ባለፈው ክረምት ነው ያበጠው፤ ልንገራቸው ብዬው ነበር» አሉ ባልቴቷ። «ይሄ ደላላ ነው ዝም ይበሉ ያለኝ።» ማር ምላስ ከደጅ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ።

«አንገዛም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በራሴ አፍ።

ባሌ ግድግዳውን አየ፤ ክንዴን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ማወቄን አወቀ።

መኪና ውስጥ ቁልፉን ሊያዞር ሲል እጁን ያዝኩት። ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩና «ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?» አልኩት።

«ከልጅቷ ሠርግ በፊት» አለኝ። «መጀመሪያ የግራው ነበር። ቀኙ ይበቃኛል ብዬ ነበር።»

«ለምን አትነግረኝም?»

«የቤት መርማሪ ጆሮው ከሄደ ምን ቀረው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ። ደዋዮቹን እምቢ እያለ የሚመልሰው እሱ ራሱ ነው፤ ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ የሰው ቤተሰብ የሚናድ ግድግዳ ሥር ላለማስተኛት። ለእኛ ያየናቸውን ቤቶችም «አልጣመኝም» ያለው ለዚያው ነው፤ መስማት ስላልቻለ ሁሉንም ይቅርብን አለ።

«ካልሰማህ ታዲያ ለምን ትመታለህ?»

«አንቺ እንዳታውቂ ነዋ።»

«ይሄንንስ? ይሄንን ለምን እንግዛው አልክ?»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ደከመሽ። ለአንቺ እምቢ ማለት እኔም ሰለቸኝ። በዓይኔ ያየሁት ሁሉ ደህና ነበር። ግድግዳውም ደህና ይሆናል ብዬ…»

ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ እኔ ግን ነደደኝ። ሰው ሚስቱን ደስ ለማሰኘት ድንጋይ ይጭንባታል? በዚያ መንገድ ሁሉ ስናገር፣ እሱ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ሳይሰማ፣ ቤት ደረስን። ቤት ስል የአከራያችንን ማለቴ ነው።

ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ ለግራው ምንም አይደረግለትም፣ ለቀኙ ማዳመጫ ይታዘዛል አሉን። ማዳመጫው ገና አልመጣም። የአከራያችን ልጅ ግን የሠርግ ጥሪውን በትኖ ጨርሷል፤ ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል። ሳሎናችን በካርቶን ተሞልቷል።

ትናንት አንድ ሌላ ደላላ ሌላ ቤት አሳየን። ከኮረብታ ሥር ነው፤ ጓሮው ከፊተኛው ይበልጣል፤ ውስጡ የተሠራ ምድጃ ሁሉ አለው! ጣሪያው ደህና ነው፣ ብዩም ቆመ። ባሌ መዶሻውን አወጣ። እየመታ የሚያየው ግድግዳውን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ሦስቱ ግድግዳዎች ቋ፣ ቋ አሉ፤ ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅሁ። ወደ ምድጃው በኩል ያለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ባዶ ሆነ።

ባሌ ይጠብቃል። ከእኔ በቀር ልዩነቱን የሰማ የለም። መስኮቱን አየሁት፤ ምድጃውን አየሁት፤ ያን ሁሉ ካርቶን አሰብኩ። ደህና ነው ብዬ ብነቀንቅለት ያምነኛል።

ራሴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቅሁ።

«ይቅርብን» አለ ባሌ፤ ብዩን ከወለሉ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ደላላው በሩ ላይ ተደግፎ፣ «አሁንስ አፍራሾቹ ሁለት ሆኑ!» ብሎ ተነፈሰ።

መኪና ውስጥ በቀኙ በኩል ተቀመጥኩ፤ ወደ ጆሮው ተጠጋሁና መንደሩን እስክንወጣ፣ ጮክ ብዬ፣ በእሱም በደላላውም በድንጋዩም የመጣልኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። አንዷም ሳታመልጠው ሁሉንም ሰማኝ።