አባቴን ነጻ ያወጣው መጠይቅ

ሕመሙ የጀመረኝ ከእምብርቴ በላይ ነው። ይቆርጠኛል፤ ከዚያ ያስመልሰኛል። ያኔ ሰቆጣ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። ጋስትራይተስ፣ የጨጓራ ሕመም ነው ተባልኩና ኦሜፕራዞል የሚባለውን ኪኒን ዋጥኩ። የጨጓራ ባክቴሪያው፣ የኤች ፓይሎሪ ምርመራዬ ኔጋቲቭ ሆነ። እናቴ ጸበል ወስዳ አስጠመቀችኝ። ለውጥ የለም።

በዚያው ሰሞን፣ ወላጆቻቸው በመጠጥ የተጎዱ ልጆችን ለመለየት ተብሎ ትምህርት ቤታችን ውስጥ መጠይቅ ታደለ። ያዘጋጁት ሰዎች ዋግን በመኪና መስኮት ብቻ ያዩ ይመስለኛል። አባትሽ መጠጥ ቤት ያመሻል? አያመሽም፤ መሪጌታ ነው፣ በመጠጥ ቤት ደጃፍም አያልፍ። ብቻውን ይጠጣል? በጭራሽ። የቤቱን ገንዘብ ለመጠጥ ያውላል? አምስት ሳንቲም አውጥቶ አያውቅም። ሁሉንም የመለስኩት በእውነት ነው። አባቴ የሚጠጣው ዝክርና ተዝካር ላይ ነው። እዚያ ቀድሞ የሚቀዳው ለአገልጋዮች ነው፤ ባለ ዝክሩ "ስለ ሚካኤል ይበሉ፣ ይድገሙልኝ" ካለ እምቢ ማለት ነውር ነው። ይህን እኛ አገር እንደ ጠጪነት የሚቆጥረው የለም፤ እኔም አልቆጠርኩትም። ውጤቴ "ችግር የለባትም" ሆነ። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሲብስብኝ ሆስፒታሉ ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ላከኝ። ሐኪሟ ከትምህርት ቤቱ የደረሷትን የመጠይቅ መልሶቼን አየቻቸውና ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችው።

"የሚያምሽ ምን ምን ቀን ነው?" አለችኝ።

"የሚካኤል ዕለት። የማርያም። የጊዮርጊስ።"

"በእነዚህ ቀናት አባትሽ የት ይውላሉ?"

"ዝክር።"

"ሲመለሱስ?"

ነገርኳት። እናቴን ይመታል። በመቋሚያው። መሐል እገባለሁ። እኔንም ያገኘኛል። በማግስቱ ያንኑ መቋሚያ ይዞ ማኅሌት ይቆማል።

"ሆድሽን የሚያምሽ ከፍርሃት ነው" አለችኝ። "ኪኒን ብቻውን አያድንሽም።"

እናቴ ስትሰማ "ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው!" ብላ ተቆጣችኝ፤ ሰንብታ ነው ያናገረችኝ። ሐኪሟ ግን ሳትሰለች ደጋግማ አነጋግራት፣ ደሃና ወረዳ ካለችው አክስቴ ዘንድ ሄጄ እንድማር አስፈቀደችልኝ፤ እዚያም የበዓላቱን ቀን በስጋት መጠበቅ ቀስ በቀስ እየተውኩ ስሄድ መጀመሪያ ማስመለሱ፣ ቆይቶም ቁርጠቱ ለቀቀኝ፣ የገብስ ቆሎ እንኳ ሆዴ ይቀበል ጀመር።

ያችን ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ እኔ የምትታመሚ እህቴ፣ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ፤ ይህ የአባትን ስም ማጥፋት አይደለም። መጠይቅ የምታዘጋጁም፣ የት እንደሚጠጣና በማን ገንዘብ እንደሚጠጣ መጠየቁን ተዉትና ሲመለስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ልጆችን ብቻም አትጠይቁ። አባቴ ዛሬም ዝክር ይጠራል፤ ዛሬም ቀድሞ ይቀዳለታል። እኔ ድኛለሁ። እናቴ ግን እዚያው ናት፤ እሷን እስካሁን የጠየቃት የለም።