ለቆየውም ይድረስ

በጦርነቱ ጊዜ፣ ጳጉሜ ሲገባ እዚሁ መርሳ የገጠመኝ ነው። ዛሬም ጳጉሜ ሲቃረብ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

የመድፍ ድምፅ ከወልድያ በኩል ይመጣል። ሰው ይሸሻል። እኛ ግን መንቀሳቀስ አልቻልንም፤ ባለቤቴ የስኳር በሽተኛ ነው፣ ኢንሱሊኑም ለአንድ ቀን የሚሆን ብቻ ቀርቶታል።

የቀጠሮው ቀን ጳጉሜ ሁለት ነበር። ኮምፒውተር ከተማረችው የልጄ ልጅ ከትዕግስት ጋር ባለቤቴን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለሙያው ኮምፒውተሩን አየና፣ "እማማ፣ ስማቸው የለም። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ ከዝርዝሩ ውጪ አልሰጥም" አለኝ።

"ካርዱ ላይ ጳጉሜ ሁለት ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?"

"ነኝ። ግን ብሰጥዎ ለዘመዱ አደለ ይሉኛል።"

ትዕግስት ጠጋ ብላ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። ኮምፒውተሩ ጳጉሜን ከወር ስለማይቆጥራት የጳጉሜን ቀጠሮ አንዱንም አያሳይም። ቀጠሮ የሚመዘግበው ፕሮግራም ሰው ሁሉ በነጻ የሚጠቀምበት፣ ያወቀ ሁሉ የሚያርመው ነው፤ እሷም ከአራሚዎቹ አንዷ ናት።

"ይህን ስህተት እኔው ሰኔ ላይ አርሜዋለሁ" አለች።

"ታዲያ?"

"ያረምኩት አዲሱን እትም ነው። እዚህ የሚሠሩት በቆየው፣ በተፈተነው ነው። እርማቱ ወደዚያ የሚሻገረው 'ለቆየውም ይድረስ' የሚል ምልክት ሲደረግበት ብቻ ነው። ረሳሁት፣ እማምዬ።"

"አዲስ የያዘው ይዳን፣ አሮጌ የያዘው ይሙት ነው? በይ አሁኑኑ ጻፊ!"

ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። አጥር ጥግ ቆማ ምልክቱን ላከች። የቆየውን እትም የሚቆጣጠረው ሰው ግን ሌላ አገር ነው፤ እሱ አይቶ ካላሳለፈው አይደርሰንም። መኪናዎች ሰው ጭነው ወደ ውርጌሳ ይከንፋሉ። መድፉ ባጓራ ቁጥር ባለቤቴ፣ "እኔን ተዉኝና ሂዱ" ይላል።

"ዝም በል አንተ ሰውዬ!" አልኩት። ኔትወርኩ ቢዘጋስ? ያ ሰው ተኝቶ ቢሆንስ?

ከሰዓት በኋላ እርማቱ መጣ። ባለሙያው ጫነው፤ ስሞቹ ተደርድረው ወጡ፤ የባለቤቴም አለበት። ኢንሱሊኑን ተቀበልኩና፣ "ትናንትስ ስንቱን መለስክ?" አልኩት።

አቀረቀረ። "ሁለት። አንዷ እዚሁ ሰፈር ናት፣ አስጠራታለሁ። አንዱ ግራና ከሚባለው አካባቢ የመጣ ገበሬ ነው። በእግሩ ተመልሷል፤ ስልክም የለው።"

የገበሬውን ስም ጠይቄ ያዝኩ። በማግስቱ እኛም ሸሸን።

ባለቤቴ ዛሬም አለ። ትዕግስትም ከዚያ ወዲህ ምልክቱን ረስታ አታውቅም። እኔ ግን ከግራና የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የዚያን ገበሬ ስም ጠርቼ በሕይወት ይኖር እንደሆነ እጠይቃለሁ። የጠየቅኩት ሰው እስኪመልስልኝ ድረስ እፈራለሁ።