ሳይሠራ ያፈረስኩት ድልድይ

ይህን ነገር ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እናቴም ሳትሰማው ነው ያለፈችው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳቸው። «ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። «ማንን?» ቢሉኝ «ሰው» ብዬ ዝም አልኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ፤ ያለቀ መሰለኝ።

ወሬው የደረሰኝ በዚህ መስከረም፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በመስከረምም አይለቅም፤ በግንቡ ጥላ ተጠግቼ ቆሜ ነበር። ታናሽ እህቴ ትሁን ከእንጅባራ ደወለች። እኛ ዛሬም ቆሰበር ነው የምንለው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «እማማ አንጓች» የሚለውን ሰማሁና ድምፅዋ ጠፋ፤ እንደገና ደወለች።

«ምን ሆኑ?»

«ውሃ ወሰዳቸው። ጠዋት ልጆች ሲያሻግሩ።»

«የምን ልጆች?»

«ተማሪዎቹን ነዋ። የመጨረሻዋን ልጅ ማዶ ላሉት አቀብለው ሲመለሱ እግራቸው ሸተት አለ። ልጅቷ ደህና ናት። እሳቸውን ግን ከታች፣ ዛፍ ሥር ነው ያገኟቸው።»

«እሳቸውን ምን አገባቸው? የሚማር ልጅ የላቸውም እኮ።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ። አታውቂም እንዴ? ‹እርስዎ ነዎት የፈረሙብን› ሲሏቸው ኖረው ነዋ። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ልጁን ሁሉ እያዘሉ የሚያሻግሩት እሳቸው ነበሩ። ‹የተስማማሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ላሻግር› ይሉ ነበር።»

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ «እናት፣ አይገቡም?» አለኝ። «ሂድ» አልኩትና በግንቡ ጥላ ቆሜ ቀረሁ።

እማማ አንጓች አልተስማሙም ነበር። ይህን አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ቃላቸው በእኔ አፍ ነው ያለፈው፤ በእኔ አፍ ነው የሞተው።

ያን ጊዜ፣ ድሬዳዋ ሳልመጣ፣ አገር ቤት በአስፋልቱ ዳር ባለው ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ልጁ ከመብዛቱ የተነሳ በአንድ ዴስክ ተጨናንቆ ነበር የሚቀመጠው፤ አንዱ ሊጽፍ ክንዱን ሲያነሳ የጎረቤቱን ደብተር ይጥላል። ከወንዙ ማዶ አዲስ ትምህርት ቤት ሲሠራ ሁላችንም እፎይ አልን። እፎይታው ግን ማን ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ እስኪነሳ ነበር። የማዶዎቹ ልጆች ብቻቸውን አዲሱን ትምህርት ቤት አይሞሉትም። ስለዚህ ከእኛ ወገን አንድ ጎጥ ልጆቹን ወደዚያ እንዲልክ ተባለ። ወይ ላይ ጎጥ፣ ማለት እኛ፤ ወይ ታች ጎጥ።

ሰው ሌላ ወሬ አጣ። ጠበል ጸዲቅ ላይ ይኸው፣ ለቅሶ ቤት ይኸው። «የእናንተ ልጆች እግር የላቸውም ወይ?» ይላል አንዱ። «የእኛዎቹ ክንፍ ያወጡ መሰለህ?» ይላል ሌላው። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሊመካከር ቢሞከር በጭቅጭቅ ተበተነ። ጉዳዩን እንዲጨርስ ከወረዳ የተላከው ሰው በመጨረሻ ከየጎጡ አንድ አንድ ሰው ይላክልኝ አለ።

ታች ጎጥ እማማ አንጓችን ላከ። ወንዙ ዳር ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ በጎጡ ውስጥ ነገር የሚያበርዱ ሴት ነበሩ። አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ድንችና ገብስ ለመሸጥ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። አማርኛ የሚያውቅ ጎልማሳ አብሯቸው እንዲሄድ የጎጡ ሰው ቢለምናቸው «ልጄ እዚያው አይደለች? ምን ሰው ያሻኛል» ብለው እምቢ አሉ።

ልጄ ያሉት እኔን ነው፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። በሰማንያ ቀኔ ከጥምቀቱ ውሃ ተቀብለው ያቀፉኝ የክርስትና እናቴ ናቸው። በእኛ አገር የክርስትና ልጅ ስታስተረጉም አጠገቧ ሌላ ሰው ማቆም እሷን ማማት ነው። እሳቸው ደግሞ እኔን ሊያሙ? እንዴት ተደርጎ።

ግንቦት ነበር። በሁለተኛ ክፍል ውስጥ፣ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀመጥን። የወረዳው ሰው የአገራችንን ቋንቋ፣ አዊኛን፣ የማይሰማ ወጣት ነው። ጠዋት ወንዙን ሊያይ ሄዶ ጫማው ሳይረጥብ በድንጋይ በድንጋይ ተሻግሮት መጥቷል። ውሃው በመስከረም ምን እንደሚመስል ከየት ያውቃል? የሚያውቁት ሊነግሩት ነበር የመጡት።

እማማ አንጓች ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው፣ በአዊኛ ተናገሩ። «እኛ እንሻገራለን። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው አንልም። ነገር ግን መጀመሪያ ድልድይ። ክረምት ሲወጣ ውሃው ልጅ አይምርም። ድልድይ ሳይቆም አንድም ልጅ አልሰጥም፤ ይህ ካልሆነ አልተስማማሁም፤ ሌላ ጎጥ ጠይቁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ንገሪልኝ ልጄ» አሉ።

ሌላ ጎጥ ማለት እኛ ነን። በመጪው ዓመት አንደኛ ክፍል የምትገባ ልጅ ነበረችኝ። ከሲታ፣ ፈሪ፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ቀሚሴ ውስጥ የምትገባ። የወንዙ ድንጋይ ላይ ቆማ ታየችኝ። ያየሁት ይህን ነው፤ አልክድም። የሌሎቹን ልጆች ግን ለምን አላየሁም? እነሱስ እናት አልነበራቸውም?

«እንሻገራለን ይላሉ» አልኩ በአማርኛ። «ወደፊት ድልድይ ቢሠራላቸው ደስ ይላቸዋል።»

የወረዳው ሰው ክፉ አልነበረም። በእሱ ላይ እንዳላሳብብ እግዜር ራሱ ያዘጋጀው ይመስለኛል። እስክሪብቶውን አስቀምጦ «መምህርት፣ ሌላ ያሉት ነገር አለ? ረዘም አድርገው ነው የተናገሩት» አለኝ። በር ከፈተልኝ። እኔ፣ በየዕለቱ ዳዊት የምደግመው፣ ረቡዕና ዓርብን የማልሽረው እኔ፣ «የለም፤ ስለ ወንዙ ወግ እያወጉ ነው» አልኩት።

በክፍሉ ውስጥ ነገሩን ሊከታተሉ የመጡ፣ አዊኛም አማርኛም የሚሰሙ የላይ ጎጥ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ሰምተዋል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዱ ዴስኩ ላይ ልጆች የጫሩትን ሥዕል በጣቱ ይከተል ጀመር። የላይ ጎጥ ተወካይ አያ ፈንታ፣ ጎረቤታችን፣ ጣራ ጣራውን አየ።

እማማ አንጓች አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው ፈረሙ። ሲወጡ ጣታቸውን በሣር እየጠረጉ «ጻፉት?» አሉኝ። «ጻፉት» አልኳቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ አያ ፈንታ ጠጋ ብሎ «አንቺ መምህርት፣ ድልድዩን ሳይሠራ አፈረስሽው እኮ» አለኝ። አብረውን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ።

ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በዚያው ክረምት ባለቤቴ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ልጄ፣ ያን ሁሉ ያደረግሁላት ልጄ፣ በአስፋልቱ ዳር ባለው ትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችም። መስከረም ሳይጠባ ዕቃችንን ጫንን። የዋሸሁለት ወንበር ለእኔ አልሆነም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። የምፈራው ነገር አልቀረም ነበር እኮ። ታዲያ ምን ያዘኝ? ሐፍረት ነው። መምህርት ዋሸች እንዳይባል፣ ቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ዋሸች እንዳይባል ፈራሁ። ለልጄ ብዬ ዋሸሁ ልበል፤ ዝም ያልኩት ግን ለራሴ ነው። የባሰው እሱ ነው።

ልንሄድ ስንል እማማ አንጓች በጭቃው፣ በዚያ ካፊያ፣ አንድ ኩንታል የማይሞላ ድንች በአህያ ጭነው መጡ። «አገሩ ሞቃት ነው አሉ፤ ድንች አይበቅልበትም» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደ ወጉ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። «ቃሌን ያደረስሽልኝ፣ አፍሽ ይባረክ። ድልድዩ ሲቆም መጀመሪያ የምንሻገረው እኔና አንቺ ነን።»

ውሸታም አፌን መረቁልኝ። እኔም ጉልበታቸውን ስሜ «አሜን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ወደ አገር በደወልኩ ቁጥር የማልጠይቀው አልነበረም። ገብሱን እጠይቃለሁ፣ ብርዱን እጠይቃለሁ፣ ማን ወለደ ማን አረፈ እላለሁ። ወንዙን ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሰው የማያውቀውን አይጠይቅም እንበል፤ እኔ ያልጠየቅሁት ስለማውቅ ነው።

ትሁን የነገረችኝ ይኸው ነው። በመጀመሪያው መስከረም ታች ጎጥ ልጆቹን ይዞ ወንዙ ዳር ቆመ፤ ድልድይ የለም። ሰዎች ወረዳ ድረስ ሄደው ቢጠይቁ «ተወካያችሁ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ተስማምታለች» ተባሉ። ተመልሰው እማማ አንጓችን ያዟቸው። «ድልድይ ብያለሁ» አሉ። «ታዲያ ማን በላው?» አሏቸው። እየቆየ ሰው ሰላምታቸውን ማሳጠር ጀመረ። ልጅ በታመመ ቁጥር፣ ልጅ ትምህርት ባቋረጠ ቁጥር፣ የእሳቸው ጣት ይነሣል። «ያ ጣትዎ» ይሏቸው ነበር አሉ።

አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው «ምናልባት ያስተረጎመችው ልጅ ሳትናገር ቀርታ ይሆናል» ቢላቸው በቁጣ ተነሡ። «እሷን አትንኩብኝ። እሷ አታደርገውም። እኔ ሳልለው ቀርቼ ይሆናል እንጂ። አርጅቻለሁ፤ ብያለሁ ብዬ አስቤ ሳልለው ቀርቼ ይሆናል።»

እኔን ከመጠርጠር ራሳቸውን ጠረጠሩ። የራሳቸውን ቃል ከራሳቸው ነጠቅኋቸው። ጤነኛ አእምሮአቸውን አርጅቷል ብለው አሙት። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ የሰው ልጅ እያዘሉ፣ በየመስከረሙ፣ የእኔን ዕዳ በጀርባቸው ተሸከሙት።

ከዚያ ስልክ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ተመልሼ ሙሉውን ነገርኳቸው። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፣ የወሰድሽው ቃል ነው፤ ለባለቤቱ መልሺ» አሉኝ።

«አባ፣ ባለቤቱ ዐርፈዋል።»

«እንግዲያ ቃሉ ለጠፋበት አገር መልሺ።»

ለዚህ ነው ለእናንተ፣ ለአገሬ ሰዎች፣ የምጽፈው። ልጄን ብዬ ነው፣ ወጣት ነበርኩ፣ ድልድዩ መቼም ይሠራል ብዬ ነው፤ እነዚህን ሁሉ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁና ለእናንተ አልደግማቸውም። ይቅር በሉኝም አልልም። ይቅር የሚሉኝ ሰው ወንዙ ወስዷቸዋል።

የአርባቸው ዕለት እመጣለሁ። ታች ጎጥ በተሰበሰበበት፣ በእማማ አንጓች ደጅ ቆሜ፣ ያኔ በክፍሉ ውስጥ የተናገሩትን በራሳቸው ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ። የሚደርስብኝን እቀበላለሁ።

ነገር ግን ብቻዬን የሚያምነኝ የለም። ማን ያምነኛል? «ለሞቱት የክርስትና እናቷ ስም ብላ ነው» ይሉኛል፤ እማማ አንጓችም ያው እንደታሙ ይቀራሉ። ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው፤ በዚያ በሁለተኛ ክፍል ከእኔ ጋር ለነበራችሁ። አያ ፈንታ፣ በተለይ ለአንተ። እኔን አትርዱኝ፤ ስትፈልጉ ስደቡኝ። ግን ያን ቀን ሁላችሁም ኑ። እኔ ተናግሬ ስጨርስ አንዳችሁ ተነሡና «አዎ፣ ብለዋል። መጀመሪያ ድልድይ ብለዋል፤ ሰምተናል» በሉላቸው።

ያን ጊዜ ጣራ ጣራውን አይታችኋል። አሁን ጣራ በሌለበት ደጅ ነው የምንቆመው። እባካችሁ፣ ሁለተኛ ዝም አትበሉባቸው።