የይታይሽ ጅብ

ይታይሽ ስትጨነቅ ከንፈሯን ትነክሳለች። እዚህ እስራኤል፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ውስጥ የእኔ በርና የእሷ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ሴት ልጇ ሲቫን ከወለደች ጀምሮ ግን ከንፈሯ እስኪቆስል ነከሰችው። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ፣ ያውም ወንድ! እልል ማለት ሲገባት እህል አይወርድላትም። "ምን ሆነሻል?" ስላት "ምንም አልሆንኩ፣ ማንአለብሽ፤ ካርዱ አይደርስልኝም ብዬ ፈርቼ ነው" ትለኛለች። ውሸቷን ነው። ይታይሽ ስትዋሽ ወደ መስኮቱ ዞር ትላለች፤ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ከጎረቤት ልብስ ማስጫ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ካርድ ያለችው በእጇ የምትሠራውን ነው። በፊት ካርመል ተራራ ላይ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ትጦር ነበር። አሮጊቷ ወረቀት ማጠፍ አሳየቻት፤ የቀረውን ራሷ ፈጠረችው። ላጲስ በምላጭ እየፈለፈለች የእንስሳ ማህተም ታወጣለች፦ ፍየል፣ ዋኖስ፣ ጃርት። ማህተሙን ቀለም አስነክታ ወረቀት ላይ ትመታና ዙሪያውን ትቆርጠዋለች። ከዚያ እንዴት አድርጋ እንደምታጥፈው እግዜር ይወቅ፤ ካርዱን ስትከፍቱት እንስሳው ብድግ ብሎ ይቆማል፣ ስትዘጉት ይተኛል። እኔ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ነኝ፤ ልጆቹ አንዷን ካርድ እስክትበጠስ ይከፍቷታል፣ ይዘጓታል።

ሲቫን ብቻ ናት ያልወደደችው። እናቷ ካርድ ስትሰጣት "ቶዳ፣ ኢማ"፣ አመሰግናለሁ እናቴ፣ ትልና መሳቢያ ውስጥ ትወረውረዋለች። ስለዚህ ከወሊድ ክፍል ደውላ "ለብሪቱ ካርድ ሥሪልኝ" ስትላት ይታይሽ በደስታ ልትሞት ነበር። ብሪት ግርዛቱ ነው፣ በስምንተኛው ቀን። የልጁ ስም የሚወጣው ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት ለአያትም ቢሆን አይነገርም። ሲቫን በዚያ ሁሉ የሕፃን ለቅሶ መሃል ያለቻት ይህን ብቻ ነው፦ "ኢማ፣ ሶድ ነው፣ ምስጢር። ለማንም እንዳትነግሪ። ውስጡ ዝኤቭ አድርጊበት። ስሙ ከተጠራ በኋላ እናድለዋለን፣ እሺ፣ ቤሰደር?"

ይታይሽ ለማንም አልነገረችም። ለእኔ እንኳ!

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወደ ክርያት አታ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ የብሪቱ አዳራሽ እዚያ ነው። የካርዱን ሳጥን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨምድዳዋለች። እኔ ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር አይዋጥልኝም። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝና እሷ ስትንገዳገድ፣ እጄን ሰድጄ አንዱን መንጨቅ አደረግሁና ከፈትኩት።

ጅብ ብድግ አለ።

ዓይኔ ይሆን ብዬ ካርዱን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። አሁንም ጅብ! ኋላው ዝቅ፣ ፊቱ ከፍ ያለ፣ ጎኑ ነጠብጣብ፣ ጆሮው ክብ። ከሠራች አይቀር ደግሞ አሳምራ ነው የሠራችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።" ዓይኗ ዕንባ ሞላ። "ምን ላድርግ? እሷ ናት ያለችኝ። ዝብኢ አድርጊበት አለችኝ።"

ይታይሽ የትግራይ ልጅ ናት። በትግርኛ ዝብኢ ጅብ ነው። የሲቫን ትግርኛ የተሰባበረ ስለሆነ፣ "ዝኤቭ" ስትላት ዝብኢ ለማለት ነው ብላ ቁጭ አለች።

"የእኔ ሞኝ! ዝኤቭ እኮ እብራይስጥ ነው! ተኩላ ማለት ነው! የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ተኩላ!"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከየት ታውቀው? እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ የተማረችው እብራይስጥ የመጥረጊያ፣ የክኒንና የፈረቃ ነው። ተኩላ ማን ይነግራታል!

ለእኛ፣ ከአገር ቤት ለመጣን አይሁዶች፣ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለማያውቀው ግን ልናገር። አገር ቤት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበርን። ማረሻ የምንሠራላቸው ሰዎች ናቸው "ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው" የሚሉን። የይታይሽ አባት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። አንድ የሰፈር ልጅ ታሞ ሲሞት "እሱ ነው የበላው" ተባለና ቤታቸው ተቃጠለ። ያኔ እሷን በትከሻቸው ተሸክመው የሮጡት ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ይሄይስ ናቸው። አባትም እናትም ሆነው አሳደጓት።

ጋሼ ይሄይስ ዛሬ ክርያት ያም ነው የሚኖሩት። ጅብ የሚል ቃል በተነሳበት አይቀመጡም። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ አንዱ ዋዘኛ የጅብ ቀልድ ቢጀምር፣ ሳህናቸውን አስቀምጠው ወጡ። ያን ቤት ዳግመኛ አልረገጡትም፤ ለቅሶ እንኳ አልደረሱም። የዛሬው ሳንዳቅ፣ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ ይዘው የሚያስገርዙት፣ እሳቸው ናቸው።

"ከወጡ አይመለሱም" አለች ይታይሽ። "ወንድሜን በልጅ ልጄ ቀን ላጣው ነው።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ሶድ ነው አለችኛ!"

"እና ዝም ብለሽ ጅብ ትፈለፍያለሽ?"

"ካርዴን ፈልጋ አታውቅም፣ ማንአለብሽ። ዕድሜ ልኳን አንድ ቀን ለመነችኝ። እምቢ ልበላት?"

ቁጣዬ በዚያው በረደ።

እንደ ዕድል የማህተም ከረጢቷ ከእሷ አይለይም። የሣር ማህተም ነበራት፤ ነጠብጣቡን በሣር ሸፈንነው፣ ዝቅ ያለውን ጀርባ ሣሩ ዋጠው፣ ክቡን ጆሮ በብዕር አሾልነው። ተኩላ ካላሉት ውሻ ይበሉት፣ ጅብ አይበሉት እንጂ! እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትመታለች፣ አውቶቡሱ ይነቀንቀናል። ያለቀውን ከረጢቱ ውስጥ ስንከት፣ ያላለቀው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ክርያት አታ ስንደርስ ገና ግማሹ ይቀራል።

በሩ ላይ ሲቫን ጠበቀችን። "ኢማ፣ አረፈድሽ! ካርዱስ?"

"ቆይ፣ ትንሽ ነገር አለ..." ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

"ያላ፣ ማኔ፣ ቶሎ በሉ፣ ገራዡ መጥቷል" አለችና ሳጥኑን ነጥቃ ለባሏ ለጊልአድ ሰጠችው። እሱም ወስዶ የት አኖረው መሰላችሁ? ጋሼ ይሄይስ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ! ሽማግሌው ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማን ደፍሮ እዚያ ይጠጋል?

ጸሎቱ ተጀመረ። ይታይሽ ክንዴን ጨብጣለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ወይን አስቀመሱት፣ ዝም አለ። ከዚያ ገራዡ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ስሙም በእስራኤል ዝኤቭ፣ የጊልአድ ልጅ ይባል" አለ።

የጋሼ ይሄይስ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እሳቸውም የትግራይ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው የሰማውን እኔ አውቃለሁ። ጊልአድ ይህን ከየት ይወቅ? ከሳጥኑ የመጀመሪያውን ካርድ አውጥቶ፣ ለክብራቸው፣ በእጃቸው አኖረላቸው።

ከፈቱት። ጅቡ ተነሳ።

"ምንድን ነው ያሉት ልጁን?" አሉ ቀስ ብለው።

ሲቫን እየሳቀች ጎንበስ አለችላቸው። "ዝኤቭ፣ ዶድ፣ አጎቴ። የጊልአድ ሳባ ስም ነው፣ የሞተው አያቱ። ተኩላ ማለት ነው። ኢማ ሠራችው፣ ታያለህ? ተኩላ!"

"ተኩላ?" ጋሼ ይሄይስ ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "አይ ልጄ። ይሄንን እኔ አውቀዋለሁ።"

ሽማግሌው ሕፃኑን ለሲቫን ሰጡና ተነሱ። አለቀ፣ ወጡ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም፣ ወደ እህታቸው መጡ።

"አንቺ ነሽ የቀረጽሽው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ተሳስቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ የልጅቷን አፍ አልሰማሁትም ነበር..."

እጇን ያዙ። ላጲስ ስትፈለፍል ምላጭ የቆራረጠውን አውራ ጣቷን ገልብጠው አዩት። "የአባታችን እጅ ነው" አሉ። "እኔ እኮ ከእሱ ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበር።"

ይታይሽ እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም የማልዋሽ ሰው ነኝ፣ አለቀስኩ።

ጋሼ ይሄይስ ካርዱን እንደገና ከፈቱት፤ ጅቡ ቆመ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው አጠፉት፣ ጅቡም ቀስ እያለ ወረቀቱ ላይ ተጋደመ።

"ተኛ እንግዲህ" አሉት። "ስንት ዓመት አስሮጥኸን። አሁን ተኛ።"

ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ሕፃኑን አምጡልኝ አሉ።